ኹርሲና የሆዷ ውሃ

በ1952 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ድሬ ውስጥ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ኹርሲ ሽሬ አረገዘች ተብሎ ተወራ።

ኹርሲ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። የሐዲድ ጠባቂ የነበረው ባሏ ፋራህ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ልጅ ወልዳ አታውቅም። ሽርጥና ሻሽ፣ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ስስ ጨርቅ እየሸጠች ራሷን ችላ የምትኖር፣ ማንም በክፉ አንስቷት የማያውቅ ሴት ነበረች። ወሬው የከበደውም ለዚህ ነው። መጥፎ ስም ያላት ብትሆን ኖሮ ገበያው ሁለት ቀን ስቆ በተዋት ነበር።

መጀመሪያ የከዳት ጫማዋ ነው። ጧት የገባላት ነጠላ ጫማ ወደ ከሰዓት እግሯን ይቆርጣታል። ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ስትጫነው ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቆያል። ከዚያ ሆዷ ማደግ ጀመረ። ሦስት ጉርሻ ስትበላ ትጠግባለች፤ በቀኝ ጎኗ ከጎድን አጥንቷ በታች አንድ ነገር እንደ ድንጋይ ይከብዳታል። በጀርባዋ ስትተኛ ትንፋሽ ስለሚያጥራት የጨርቅ ጥቅሎቿን ደራርባ፣ እነሱን ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ታሸልባለች። ሆዷ ሲያድግ ክንዷ ይከሳል፣ ጉንጯ ይጎድላል። ወልዳ የምታውቅ ሴት ልብ ብላ ብታያት ነገሩ እርግዝና እንዳልሆነ ትረዳ ነበር። ሐሜት ግን ክንድ አያይም።

በድብቅ መድኃኒት ፈለገች። አንድ ሽማግሌ በጋለ እንጨት ከጎኗ በታች ሦስት ቦታ ተኮሳት። ሌላው መራራ ሥር ቀቅሎ አጠጣትና ሁለት ቀን ሙሉ ስታስመልስ ሰነበተች። ለማንም አልተናገረችም። ሆዷን በሻሽ ጠፍራ ገበያ ትወጣለች፤ ሻሹ ደግሞ ሕመሙን ያብስባታል።

መጋላ ሰፈር ውስጥ ግቢዋን የምትጋራት ጎረቤቷ ማዘንጊያ ናት። ባሏ በዛብህ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነው፤ ከቡልጋ ሙሽራ ሆና ድሬ ከገባች አሥራ አምስት ዓመቷ። ሶማልኛውን የተማረችው ከኹርሲ ደጃፍ ነው፤ ኹርሲም አማርኛዋን ከማዘንጊያ ጓዳ ለቀመች፤ ሁለቱም የተማሩትን ቋንቋ እኩል ያሰቃዩት ነበር። አንድ ቀን ማዘንጊያ ትዕግሥቷ አለቀና በሩን ዘግታ ጠየቀቻት።

«ኹርሲ፣ የሚወራውን ከሌላ ሰው አፍ ከምሰማ ካንቺ ልስማ።»

ኹርሲ ሻሹን ፈታችና የማዘንጊያን እጅ ይዛ ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ማዘንጊያ አራት ወልዳለች። በአንድ ጎን ስትነካው በሌላው ጎን ሲናጥ ተሰማት።

«ይሄ ልጅ አይደለም» አለች። «ልጅ ይራገጣል። ይሄ ውሃ የሞላ እንስራ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«አልሄድም። ሆስፒታል ስገባ ያየኝ ሰው ልታስወርድ ሄደች ይላል።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?»

«አቦ ተዪኝ ማዜ፣ ብሞት ይሻለኛል» አለችና አለቀሰች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከስግደት በኋላ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም ዐብዱላሂ መጣ። ለገሃር ዕቃ የሚያስጭን፣ የጫኞቹ አለቃ፣ ቃሉ የሚከበር ሰው ነው። የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ ተቀመጠ። በሶማልኛ ነበር የተነጋገሩት።

«ሰው የሚለውን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«የማን ነው?»

ቢጮህባት ትችለው ነበር። እሱ ግን ለቅሶ ቤት እንደሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቃት፤ ያ አንጀቷን በላው።

«ዐብዱላሂ፣ ብምልልህ ታምነኛለህ?»

ዐይኑን ከእሷ ወደ ሻዩ መለሰ።

«እንግዲያው አትመነኝ። ነገ ሐኪም ቤት ውሰደኝ። አንተም አብረኸኝ ግባ። ሆዷ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ብለህ አንተው ጠይቀው።»

በማግስቱ ጧት ዐብዱላሂ ጋሪ ይዞ መጣ። ኹርሲና ማዘንጊያ ከኋላ፣ እሱ ከባለጋሪው ጎን ተቀምጠው የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻገሩ። 

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበላቸው የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ ተሰማ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ ነጭ ጋውኑን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ትሑት ሰው። «እናቴ፣ እርስዎ ስምዎ ማን ይባላል?» ሲላት ኹርሲ ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። «አንቺ በለኝ። እርስዎ ስትለኝ ሌላ ሰው አብሮኝ የቆመ ይመስለኛል» አለችው። ድሬ ውስጥ ሁሉም ሰው አንተና አንቺ መሆኑን ተሰማ ገና አልለመደውም ነበር።

ሐኪሙ ፈረንሳዊ ነው። ሆዷን በጣቱ ጫፍ እያንኳኳ አዳመጠ፤ በጎኗ አስተኝቶ ደግሞ አንኳኳ። የዐይኗን ነጭ አየ፣ መዳፏን ገልብጦ አየ። ከዚያ ጠየቀ፤ ተሰማ አስተረጎመ።

«መጠጥ ትጠጫለሽ ወይ ይላል።»

ዐብዱላሂ ከወንበሩ ተነሣ። «አስተግፊሩላህ! ሙስሊም ሴት ናት እኮ!»

ኹርሲ ግን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ተወው ይጠይቅ። አረገዘች ከሚሉኝ ይሻላል» አለች።

«ዐይንሽ ቢጫ ሆኖ ያውቃል?»

ያውቃል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የወፍ በሽታ ይዟት ሁለት ወር ተኝታለች፤ ሽንቷ እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። በሽታው ያኔ ከዐይኗ ቢጠፋም ከጉበቷ እንዳልወጣ፣ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጉበቷን ቀስ እያለ ጠባሳ እንዳደረገው ነገራት። አሁን ሆዷን የሞላው ውሃ መቀዳት አለበት።

መጋረጃ ተጋረደ። ማዘንጊያ ከአልጋው ራስጌ ቆማ እጇን ያዘቻት። ዐብዱላሂ ሊወጣ ሲል ኹርሲ «ይቆይ» አለች። ከመጋረጃው ውጭ ወንበር ተሰጠው። እሷ አትታየውም፤ ከመጋረጃው ጠርዝ በታች የወጣው የጎማ ቱቦና ትልቁ ሳህን ግን ፊት ለፊቱ ነው።

መርፌው ሲገባ ጥርሷን ነከሰች። ወዲያው ፈዛዛ ሻይ የመሰለ ውሃ በቱቦው መውረድ ጀመረ። ተሰማ ሳህኑ በሞላ ቁጥር በመስፈሪያ ጠርሙስ እየለካ ይደፋል፤ ሐኪሙ ቶሎ ቶሎ እንዳይወርድ ቱቦውን ቆንጠጥ ያደርጋል። አንድ ሊትር። ሁለት ሊትር። ዐብዱላሂ መቁጠሪያውን ይዞ ጣቱ ግን አይንቀሳቀስም። አራተኛው ላይ አልቻለም።

«ይህ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው፣ አባቴ። ጉበታቸው ስለታመመ ሆዳቸው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ።»

«ሌላ ነገር የለም?»

«ምንም ነገር የለም።»

ስድስት ሊትር ወጣ። ዐብዱላሂ ወንበሩን ወደ መጋረጃው አስጠጋ።

«ኹርሲ።»

«አቤት።»

«ይቅር በይኝ።»

«ቆይ መጀመሪያ ልተንፍስ» አለች። ለወራት ያላገኘችውን ሙሉ ትንፋሽ ሳበች፤ አወጣችው፤ ደግማ ሳበች። ከዚያ «አውፍ ብዬሃለሁ» አለችው።

ዐብዱላሂ ከሆስፒታሉ በቀጥታ ቀፊራ ሄደ። ከጨርቅ ተራ እስከ ሽንኩርት ተራ በየመደቡ እየቆመ፣ የወንድሙ ሚስት የጉበት ሕመምተኛ መሆኗን፣ ከሆዷ ስድስት ሊትር ውሃ ሲወጣ በዐይኑ ማየቱን ተናገረ። «ሌላ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣ» አለ። ማንም አልሄደም። በሦስተኛው ቀን ሐሜቱን የጀመሩት ሴቶች ራሳቸው ሊጠይቋት መጡ፤ አንዷ ዶሮ ይዛ።

ሐኪሙ ግን ነገሩን ሳያለባብስ ነበር የነገራት። «ጠባሳ የሆነው ጉበት አይመለስም። የቀረው ከተንከባከብሽው ይሠራል። ውሃው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የሚጠራው ጨው ነው።» ጨው እንዳትቀምስ፣ የሥር መድኃኒት ደግማ እንዳትጠጣ፣ ጥቂት ጥቂት እያለች በቀን አምስቴ እንድትበላ፣ ቀትር ላይ እግሯን ከፍ አድርጋ እንድታርፍ አዘዛት። አዲስ የመጣ የሚያሸና ክኒንም ሰጣት፤ ከእሱ ጋር ሙዝና ብርቱካን እንዳይለያት።

«ስንት ጊዜ እኖራለሁ ብለህ ጠይቀው» አለችው ተሰማን።

ተሰማ አመነታ። «ጠይቀው እንጂ!»

ሐኪሙ አሰበ። «አላውቅም። ዓመት ያልሞላቸው አሉ። ከጨው ርቀው አሥር ዓመት የኖሩም አይቻለሁ።»

በሦስት ሳምንት ውሃው ተመለሰ። ኹርሲ እንደገና ሆዷ ተነፍቶ ሆስፒታል ስትገባ ተሰማ ተቆጣት።

«ጨው አልተውሽም።»

«ወላሂ ወጤ ውስጥ አንዲት ፍሬ የለም!»

«ትናንት ምን በላሽ?»

ዳቦ ከዳቦ ቤት። የዘመዶቿን መረቅ። በቅቤ የተቀመጠ ደረቅ ሥጋ፣ እሱም እንዳይበላሽ ጨው የጠጣ። ተሰማ ግንባሩን ያዘ። «ጨው ያለው ወጥ ውስጥ ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው?»

ሁለተኛው መርፌ ከመጀመሪያው ይልቅ አመማት። ቤቷ ስትመለስ ለማዘንጊያ «ያለ ጨው የሚበላ ምግብ የሙት ምግብ ነው፤ አልችልም» አለቻት።

ማዘንጊያ እጅጌዋን ሰበሰበች። «እኔ የዓመቱን ግማሽ ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ የምበላ ሰው ነኝ። ጨው ምን ያቅተኛል?»

አቃታት። የመጀመሪያውን የምስር ወጥ በዛብህ ከሥራ ሲመለስ ሳያውቅ ቀምሶ እንጀራውን ትሪው ላይ መለሰ። «ይህን ለማን ነው የሠራሽው?» አለ። «ለእስረኛ ነው?» ሲነገረው ደግሞ «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ያሉት ይህን ወጥ ቀምሰው ነው» ብሎ ሁለቱንም አሳቃቸው። ማዘንጊያ ግን አልተወችም። ነጭ ሽንኩርት ጨመረች፣ ዝንጅብል አበዛች፣ ቲማቲሙን ከሰል ላይ ጠብሳ ላጠችው፣ ቃሪያና ድንብላል አብራ ወቀጠች። በመጨረሻ ከእሳት ካወረደችው በኋላ ሎሚ ጨመቀችበት። ኹርሲ ቀመሰች፤ ደገመች፤ ሦስተኛውን ጎረሰች። «ሎሚው» አለች፣ «ምላሴን አታለለው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ምሳቸውን አብረው፣ ያለ ጨው በሉ። ለበዛብህ ለብቻው ጨው በስኒ ይቀርብለታል።

ተሰማ ሌላም ነገር አስተማራት። ውሃው ለዐይን ከመታየቱ በፊት በሚዛን ይታያል፤ በሳምንት ሁለት ኪሎ ከጨመረች ሳትውል ሳታድር መምጣት አለባት። ሰው የሚመዘንበት ሚዛን በሰፈሩ የለም። ያለው የቡና መጋዘን ሚዛን ነው። የመጋዘኑ መዛኝ ሙመድ የሚባል ተጫዋች ሰው ሐሙስ ሐሙስ በሁለት ጆንያ መካከል ያቆማትና ለሠራተኞቹ ይጮኻል፦

«ሃምሳ ሦስት ኪሎ! አንደኛ ደረጃ የሐረር ቡና!»

ጫኞቹ ይስቃሉ። መጀመሪያ ቀን ኹርሲ አፍራ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። በወሩ ግን እሷው ቀድማ «ዛሬ ስንተኛ ደረጃ ነኝ?» ትለው ጀመር። አንድ ሐሙስ ሃምሳ አምስት ተኩል ሆነች። ሙመድ አልቀለደም፤ ጋሪ ጠራላት። ሐኪሙ ክኒኑን ጨመረላትና ያለ መርፌ ተመለሰች።

በቀጣዩ ዓመት የካቲት ረመዳን ገባ። ሐኪሙ እንዳትጾም ሲከለክላት ከሁሉ በላይ ያመማት ይህ ነበር። ሸኹን ጠየቀች። «ጾምን ያዘዘ ጌታ ለታመመው አስቀርቶለታል» አሏት፤ በየቀኑ አንድ ድሃ እንድታበላ መከሯት። በየማግሪቡ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አንዲት ችግረኛ ሴት ደጇ ላይ ታስፈጥራለች። የራሷን ምሳ ግን ሰው ፊት መብላት ስለከበዳት ከማዘንጊያ ጓዳ ገብታ ትበላለች። የዚያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጥመው ነበር፤ ማዘንጊያም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። አጠገቧ ቁጭ ብላ ታጫውታታለች። «ጉድ እኮ ነው» ትላለች፣ «ከሁለታችን የምትበላው ሙስሊሟ ሆነች!»

ክፉው ቀን የመጣው በነሐሴ ነው። ኹርሲ ጧት ተንዘፍዝፋ ነቃች። ይህ ሕመም የለመደችው ክብደት አልነበረም፤ አንሶላው ሆዷን ሲነካው ያስጮኻታል። ማዘንጊያ ግንባሯን ዳሰሰች፤ ይፋጃል። በዛብህ ወደ ለገሃር ሮጦ ለዐብዱላሂ ነገረው።

ሌሊቱን በሐረር ተራሮች ላይ ዘንቦ ደቻቱ ሞልቷል። ሌላ ቀን አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዝ ቀይ ውሃ ተሸክሞ፣ ግንድ እያንከባለለ ይጋልባል። ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ በጭቃ ተቆርጧል። ዐብዱላሂ አራት ጫኞች ይዞ መጣ። ኹርሲን ከነጠፍር አልጋዋ አንሥተው ዳር ድረስ አወረዷትና ውሃው እስኪጎድል ቆሙ። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቁ። ማዘንጊያ ጥላ ዘርግታላት ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች።

ውሃው እስከ ወገብ ሲወርድ ዐብዱላሂ ሽርጡን ሸበለለ።

«አንተ ተው፣ እኛ እንሻገራለን» አለው አንዱ ጫኝ። ዐብዱላሂ ስድሳ ዓመት አልፎታል።

«የፊቱን እግር እኔ እይዛለሁ» አለ። አልጋውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ገቡ። መሐል ላይ ሲደርሱ ድንጋይ አዳልጦት ተንገዳገደ፤ ኹርሲ የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠች። «አይዞሽ» አላት በሶማልኛ፣ ውሃ ከጢሙ እየተንጠባጠበ፤ «አንቺ የምትወድቂው እኔ ከወደቅሁ በኋላ ነው።» አልወደቀም።

ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ጥቂት ውሃ ቀዳ። የዛሬው እንደ ሻይ አልነበረም፤ ደፍርሷል። ሆዷ ውስጥ ያለው ውሃ አመርቅዟል። አሥራ አንድ ቀን ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ተወጋች። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ሰው አትለይም ነበር፤ ማዘንጊያን በእናቷ ስም ትጠራታለች። በአምስተኛው ቀን ዐይኗን ገልጣ «ሐሙስ ነው?» አለች። «ሚዛን አለብኝ።» ማዘንጊያ ሳቀችም አለቀሰችም። ዐብዱላሂ ጧት ጧት ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ይልጥላታል፤ ብዙም ሳያወራ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ ኹርሲ ጠንቃቃ ሆነች። ገበያ ውስጥ ከፍ ያለ ወንበርና የእግር ማሳረፊያ ሣጥን አሠርታ ጨርቋን መሸጥ ቀጠለች። ሲከብዳት ትዘጋለች፤ ቀትር ላይ እግሯን ሰቅላ ትተኛለች። ሆዷ ፈጽሞ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሕመሙም አንዳንዴ ይመጣባታል። በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ግን መርፌ ያስፈለጋት አራት ጊዜ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፤ የመጨረሻው ዓመት ካልሆነ በቀር ሌሎቹን ራሷን ችላ፣ ጨርቋን እየሸጠች። ተሰማ ከእነዚያ ዓመታት ደጋግሞ የሚያወራው የገዲን ነገር ነው።

ገዲ ከአይሻ በኩል በባቡር የመጣ አርብቶ አደር ነበር። ሆዱ ተነፍቶ እምብርቱ ወጥቷል። ሶማልኛ እንጂ አማርኛም ፈረንሳይኛም አያውቅም፤ ተሰማ መርፌውን ሲያሳየው ከአልጋው ዘሎ ወርዶ በሩ ጋ ቆመ። ሚስቱ ታለቅሳለች። ተሰማ ሌላ ቢያጣ ቀፊራ ሰው ልኮ ኹርሲን አስጠራት።

ኹርሲ መጥታ ከገዲ ሚስት ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስለ መርፌው አላነሣችም። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግመሎቹ፣ ስለ ጎሣቸው ጠየቀች። ከዚያ ሴትዮዋን መጋረጃው ውስጥ አስገብታ ሆዷን ገልጣ አሳየቻት፤ የተተኮሰችባቸውን ሦስት ጠባሳዎችና ከእነሱ በታች ያሉትን ትንንሽ የመርፌ ምልክቶች።

«እነዚህ ትልልቆቹ ምንም አልረዱኝም» አለቻት። «እነዚህ ትንንሾቹ ትንፋሼን መለሱልኝ። ሰው ሁሉ አርግዛለች ብሎኝ ነበር። የባሌ ወንድም ሳይቀር።»

«ባሌን ደግሞ ተደግሞበታል ነው የሚሉት» አለች ሴትዮዋ።

«ይበሉ። አንቺ ስሚኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ምግቡን የምታበስዪው አንቺ ነሽ።»

ሴትዮዋ ወጥታ ባሏን በሹክሹክታ አናገረችው። ገዲ ኹርሲን ለረጅም ጊዜ ካያት በኋላ ተመልሶ አልጋው ላይ ወጣ። ሰባት ሊትር ተቀዳለት። ኹርሲ አራት ቀን ሙሉ መደቧን ከሰዓት እየዘጋች ሄደች፤ ለሚስቱ ሎሚውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን አሳየቻት፤ ከደረቅ ሥጋ እንዲርቅ ለመነችው።

ከስምንት ወር በኋላ ገዲ በእግሩ ቀፊራ ገባ። ሆዱ ወርዷል። አንድ ነጭ ወጠጤ ፍየል በገመድ ይጎትታል። ኹርሲ ወንበሯ ላይ ሆና ከሩቅ አየችው።

«ጨውስ?» አለችው ሰላምታውን ሳትጨርስ።

«እኔ አልቀምስም» አለ ገዲ፣ ፍየሉን ከሣጥኗ ጋር እያሰረ። «የእኔን ድርሻ ፍየሎቼ ይበሉታል።»

ኹርሲ ሳቀች። ጎን ለጎን የተቀመጡት ጨርቅ ሻጮች ምን እንዳላት ጠየቋት፤ ነገረቻቸውና እነሱም ሳቁ። ከዚያ መደቧን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተነሣች፤ ሐሙስ ስለነበር ገዲን ይዛው ወደ ሙመድ ሚዛን ሄደች።